ልብ ሲኮበልል ማን ይጠየቃል?

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አባቴ በታመመበት ሰሞን ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል እየሄድኩ አልጋው አጠገብ እቀመጥ ነበር። ሕመሙ ድምፁን ስላዳከመው የሚናገረው በሹክሹክታ ነው። አንድ ማክሰኞ እጄን ይዞ ረዘም ያለ ነገር ነገረኝ። እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ፣ «እህ… እህ…» እያልኩ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተክሎ፣ «አደራ፣ እንዳትረሳ!» አለኝ። «እሺ አባዬ» አልኩት። እጄን ጠበቅ አድርጎ ጨብጦ ለቀቀኝ፤ የቀለለው መሰለኝ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ሐሙስ ሌሊት ዐረፈ።

ነገሩን ሳልሸፋፍን ልናገር። አባቴ ያን ዕለት ምን እንዳለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ክፍሉ ጸጥ ያለ ነበር። ጆሮዬም ደኅና ነው። ስልኬ እንኳ ጠፍቶ ኪሴ ውስጥ ስለነበር በእሱ ላሳብብ አልችልም። ልቤ ግን እዚያ አልነበረም። መጀመሪያ ያልጨረስኩት አንድ ጽሑፍ ትዝ አለኝ፤ ከጽሑፉ ወደ ክፍያው፣ ከክፍያው ወደ ቤት ኪራዩ፣ ከኪራዩ ወደ አከራዬ ተሻገርኩ። ከአከራዬ ጋር በሐሳቤ ሙግት ገጥሜ ልረታት ጥቂት ሲቀረኝ «አደራ» የምትለው ቃል ከእንቅልፍ እንደሚቀሰቅስ ሰው ትከሻዬን ነካችኝ። ከዚያች ቃል በፊት ያለው ሁሉ ባዶ ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት የሚነገረው ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን አይሰማም ለማለት ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የማስታውሰው በሌላ ትርጉሙ ነው።

አደራ በእኛ ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም። «አደራ በላ» ከ«ሌባ» የከፋ ስድብ ነው፤ ሌባ የሚሰርቀው ያላመነውን ሰው ነው፤ አደራ በላ ግን ከዕቃው ጋር እምነትንም ይበላል። ታዲያ አደራ ተቀብሎ ምን እንደተቀበለ የማያውቅ ሰው ምን ይባላል? አልካደም፤ አልበላም፤ አልረሳም እንኳ፤ ያልሰሙት ነገር አይረሳማ! ልቤን ሂድ ብዬ አላዘዝኩትም። ራሱ ሄደ። ሳልልከው ለሄደ ልብ እጠየቃለሁን?

ዛሬ ከአንባቢ ጋር ልመክርበት የፈለግኩት ይህን ጥያቄ ነው። የእኔ ብቻ እንዳልሆነም እገምታለሁ። ሚስቱ የዋለችበትን ስትነግረው ሳይሰማ «እህ» ብሎ የማያውቅ ባል፣ ልጁ የትምህርት ቤት ወሬውን ሲያወራለት ዓይኑን ገልጦ አንቀላፍቶ የማያውቅ ወላጅ ካለ፣ ይህን ጽሑፍ ዘልሎ ወደሚቀጥለው ገጽ ሊሄድ ይችላል። አልቀየመውም።

* * *

በመጀመሪያ ቋንቋችንን እንጠይቅ። አማርኛ በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት አነጋገር አለው። ራሳችን ስናጠፋ «ልቤ ሄዶ ነበር» እንላለን። «ሐሳብ ይዞኝ ሄደ»፣ «በሐሳብ ጭልጥ አልኩ» እንላለን። በእነዚህ አነጋገሮች አድራጊው ልብ ወይም ሐሳብ ነው፤ እኔ የተወሰድኩ ምስኪን ነኝ። ሌላው ሰው ሲያጠፋ ግን ነገሩ ይለወጣል። «ልብ በል!»፣ «ቀልብህን ሰብስብ!»፣ «ስነግረው ልብ አላለኝም» እንላለን። (ቀልብ ራሱ በዐረብኛ ልብ ማለት ነው።) አሁን ልብ ባለቤት ያለው፣ ሲያዙት የሚታዘዝ፣ ሲጠሩት የሚመጣ ነገር ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ አንዱ ጥፋት የእኔ ሲሆን እንደ ዝናብ የመጣ አደጋ፣ የሌላው ሲሆን ደግሞ በደል ይሆናል። ይህ ተራ አድልዎ ብቻ አይመስለኝም። ሁለቱም አነጋገሮች ከእውነቱ የየራሳቸውን ድርሻ ይዘዋል። ድርሻቸው ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ግን ልብ ሲሄድ ምን እንደሚሆን የመረመሩትን ሰዎች መጠየቅ ይበጃል።

* * *

የሥነ ልቡና ጥናት ይህን ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ገሸሽ አድርጎት ነበር። ነገሩ ለመያዝ ያስቸግራል። ሰውን በሙከራ ክፍል አስቀምጦ «አሁን ልብህ ሳታውቅ ይሂድ» ብሎ ማዘዝ አይቻልም። አሜሪካዊው ጀሮም ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ቀን ሕልም መጽሐፍ ሲያወጣ በዚህ መንገድ ላይ ከነበሩት ጥቂቶች አንዱ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ በጣም ቀላል ነው፤ ሰውየውን ድንገት አቋርጦ «አሁን፣ ይህን ስጠይቅህ፣ ስለምን ታስብ ነበር?» ማለት።

በዚህ ዘዴ ከተደረጉት ጥናቶች ብዙ የተወራለት የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ማቲው ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ2010 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያወጡት ነው። 2,250 አዋቂዎች በቀኑ ውስጥ ባልጠበቁት ሰዓት በእጅ ስልካቸው ጥያቄ ይደርሳቸዋል። ምን እየሠሩ ነው? የሚያስቡት ስለሚሠሩት ነገር ነው ወይስ ስለ ሌላ? ምን ይሰማቸዋል? ከመልሶቹ 46.9 በመቶው ልባቸው ከሚሠሩት ነገር ጋር እንዳልነበረ የሚናገር ሆኖ ተገኘ። ወደ ግማሽ ማለት ነው! በጥናቱ ከተዘረዘሩት 22 ዓይነት ተግባራት ውስጥ፣ ከፍቅር ግንኙነት በስተቀር፣ ልብ ቢያንስ ከመልሶቹ በ30 በመቶው ያልኮበለለበት አንድም አልነበረም። ሰዎቹ ልባቸው ሲሄድ ደስታቸው ያንስ ነበር። ወደሚያስደስት ሐሳብ የሄደው እንኳ ልቡ ከሥራው ጋር ከቆየለት ሰው የበለጠ ደስታ አላገኘም።

ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2001 በሴንት ሉዊስ ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ማርከስ ሬይክልና ባልደረቦቹ፣ ሰው የተለየ ሥራ ሳይዝ ሲቀመጥ አንጎሉ እንደማያርፍ፣ እንዲያውም አንዳንድ ክፍሎቹ በዚያን ጊዜ ይበልጥ እንደሚነቁ ጽፈው ነበር። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ከምናቃጥለው ጉልበት 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ቁጭ ስላልን ሒሳቡ አይቀንስልንም። ልብ ሲሄድ የሚነቁትም በአመዛኙ እነዚያው ክፍሎች መሆናቸው በኋላ ታይቷል። እንግዲህ የልብ መሄድ የአንጎል ብልሽት ሳይሆን አንጎል የሚሠራበት አንዱ መንገድ ነው።

ይህን ሳነብ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ከዕድሜያችን ግማሽ ያህሉን በሌለንበት የምናሳልፍ ፍጡራን ከሆንን የእኔ ማክሰኞ ምን ይገርማል? ሰው በመተንፈሱ አይከሰስም። ልቡም በመሄዱ ሊከሰስ አይገባም አልኩ። ለጥቂት ቀናት እንቅልፍ ወሰደኝ።

* * *

እፎይታዬን ያበላሸው ሌላ ጥናት ነው። በፈረንሳይ በቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ በመኪና አደጋ ተጎድተው ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡ 955 አሽከርካሪዎች ከአደጋው በፊት ስለምን ያስቡ እንደነበር ተጠየቁ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በ«ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል» ታተመ። ለአደጋው ተጠያቂ ናቸው ከተባሉት 453 አሽከርካሪዎች 17 በመቶው ከአደጋው በፊት ልባቸውን ክፉኛ በያዘ ሐሳብ ውስጥ ነበሩ። ተጠያቂ ካልነበሩት 502 መካከል ግን እንዲህ የሆኑት 9 በመቶ ናቸው።

እዚህ ላይ «ሰው በመተንፈሱ አይከሰስም» የሚለው ክርክሬ ጉልበት ያጣል። ልጇ በመኪና የተገጨባት እናት ዘንድ ሄጄ «ምን ይደረግ፣ የሾፌሩ ልብ ሄዶ ነበር፤ የሰው አንጎል እንዲህ ነው» ልላት እችላለሁ? ሕጋችንም ይህን አይቀበልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ቸልተኛ የሚለው አደጋው ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ የደፈረውን ብቻ አይደለም፤ መገንዘብ ሲገባውና ሲችል ሳይገነዘብ የቀረውንም ነው። ለእኔ ነገር ቁልፏ ቃል «ሲችል» የምትለዋ ናት። ልቡ የሄደበት ሰው መሄዱን ሊያውቅ ይችላል ወይ?

ይህን የሚነካ አንድ ሙከራ አለ። ጆናታን ስኩለርና ባልደረቦቹ ሰዎችን አስቀምጠው የቶልስቶይን «ጦርነትና ሰላም» አስነበቧቸው። ልባቸው መሄዱን ባወቁ ቁጥር ቁልፍ እንዲጫኑ አዘዟቸው። ይህ ሳይበቃ በየመሐሉ ድንገት እያቋረጡ «አሁን ልብህ የት ነበር?» ብለው ጠየቁ። አንባቢዎቹ ብዙ ጊዜ ራሳቸውን በራሳቸው ይዘዋል። ሆኖም ተጠባበቁ፣ ንቁ ተብለው ሳለ፣ ሳያውቁት ሄደው የተገኙበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። ዓይን መስመሩን እየተከተለ ይወርዳል፤ ሰውየው እያነበብኩ ነው ብሎ ያምናል፤ ልብ ግን የለም። ስለዚህ የልብ መሄድና መሄዱን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ልብ የኮበለለ እንደሆነ ኮብላዩን የሚያይ ዘበኛም አብሮት ይኮበልላል።

ይኸው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2009 በሌላ መልክ ተደገመ። ማይክል ሳየት ከስኩለርና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ሆኖ ለአንዳንዶቹ አንባቢዎች አልኮል አጠጣ። የጠጡት ልባቸው ይበልጥ ሄደ፤ መሄዱን ራሳቸው የመያዝ ዕድላቸው ግን ከዚያ ጋር አላደገም። ይህ ለሥነ ምግባር ጥያቄያችን አንድ ነገር ያቀብለናል። የጠጣው ሰው በዚያች ደቂቃ ልቡን አልላከም፤ ዘበኛውን ያሰከረው ግን እሱ ነው። ሰክሮ የሚነዳን ሰው የምንጠይቀው በገጨበት ቅጽበት ላደረገው ብቻ ሳይሆን ብርጭቆውን ሲያነሣ ለመረጠው ጭምር ነው።

በዚህ ላይ ፖል ሴሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ያጎሉትን ልዩነት ልጨምር። አንዳንድ ጊዜ ልብ ሳንፈቅድ ይሄዳል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እኛው ፈቅደን እናሰናብተዋለን። ረጅም ስብሰባ ላይ ተቀምጦ «ይህ ሰውዬ እስኪጨርስ የራሴን ነገር ላስብ» ያለ ሰው ልቡ አልሄደበትም፤ ሰድዶታል። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ሌባንና ዕቃው የጠፋበትን ሰው በአንድ መዝገብ መክሰስ ነው።

* * *

እንግዲህ ራሴን ላቁም። አባቴ ሲናገር ልቤን ሰድጄዋለሁን? አልሰደድኩትም። ዘበኛውን አስክሬዋለሁን? ያን ዕለት ከቡና በቀር የቀመስኩት አልነበረም። ድካም ነበረብኝ፤ የኪራይ ጭንቀት ነበረብኝ፤ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ልብ ከአንድ ቦታ የመቀመጥ ዐቅሙ ያንሳል። በዚህ ሁሉ ፈራጅ ነፃ ቢለኝ አያስደንቅም።

ልብ ባይሄድ ኖሮ የተሻለ ሰው እሆን ነበር ማለትም አልደፍርም። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ አንድ ጥናት የፊዚክስ ሊቃውንትና ደራስያን በየዕለቱ ያገኙትን ዋና ሐሳብ መቼ እንዳገኙት ሲጠየቁ፣ ከአምስቱ አንዱ ያህል የመጣላቸው ከሥራው ርቀው ስለ ሌላ ነገር በሚያስቡበት ጊዜ ነበር። እኔም የምኖረው በዚሁ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ልቤ ካልሄደ ይህ መጽሔት ከእኔ የሚያገኘው ጽሑፍ የለም። ልቡ ከቶ የማይሄድ ሰው የነገውን አያቅድም፤ የትናንቱን አይጸጸትም፤ የሩቁን አይናፍቅም። ስለዚህ በር ዘግተን ልብን እንሠር የሚል ምክር አይዋጥልኝም።

የጥንት መነኮሳትም እንሠር አላሉም። ከመጀመሪያዎቹ የገዳም ጸሐፊዎች አንዱ የሆነው ዮሐንስ ካሲያን በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ አባ ሙሴ የተባሉ የግብፅ በረሃ አባት የነገሩትን ምሳሌ ጽፏል። የሰው ልብ እንደ ውኃ ወፍጮ ነው ይላሉ አባ ሙሴ። ውኃው እስከ ወረደ ድረስ ድንጋዩ መዞሩን አያቆምም፤ ይህ በባለ ወፍጮው እጅ አይደለም። ስንዴ ወይም እንክርዳድ መጨመሩ ግን በእጁ ነው። እነዚህ ሰዎች ሌላውን ሁሉ ትተው በጸሎት ልብን መሰብሰብ ብቻ የኑሮ ሥራቸው ያደረጉ ነበሩ። ሆኖም ልባቸው መሄዱን አልደበቁም። ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴው መካከል ምእመናን ልባቸውን ወደ ላይ እንዲያነሡ ማሳሰቧ፣ በሶላትም ልብን የመሰብሰቡ ነገር ኹሹዕ የሚል ስም ተሰጥቶት ለብቻው መመከሩ፣ በጸሎት ቆሞ ልቡ ገበያ የሚወርድ ሰው ሁልጊዜም ስለነበረ ነው።

አሜሪካዊው ፈላስፋና የሥነ ልቡና ሊቅ ዊሊያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1890 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉ ውስጥ ይህንኑ በሌላ በኩል ነካው። የሰውን ፍርድ፣ ጠባይና ፈቃድ ሥር የሚይዘው ልብን አንድ ቦታ ቸክሎ ማቆየት ሳይሆን የኮበለለውን ልብ ደጋግሞ መመለስ መቻል ነው ይላል። ልብ በሉ፤ መመለስ ነው ያለው። መመለስ ያለው ደግሞ መሄድ ላለበት ነው።

* * *

ይህ ሁሉ ንባብ ከዞረ በኋላ ወደዚያች ማክሰኞ መለሰኝ። ስመለስ ጥፋቴን ስፈልገው በነበረበት ቦታ አጣሁት። አጠገቡ ያለች ሌላ ቦታ ላይ አገኘሁት።

ልቤ የሄደው ሳላውቅ ነው። ነገር ግን ተመልሷል። «አደራ» የምትለዋ ቃል ቀስቅሳኛለች። በዚያች ቅጽበት ሁሉን አውቅ ነበር፤ አባቴ አንድ ከባድ ነገር እንደነገረኝ፣ እኔም እንዳልሰማሁት። ምርጫ ነበረኝ። «አባዬ፣ ይቅርታ፣ ልቤ ሄዶ ነበር፤ እባክህ ድገምልኝ» ማለት እችል ነበር። አባቴ ገና ሕያው ነበር፤ እጄን እንደያዘ ነበር። እኔ ግን «እሺ» አልኩ።

ለምን? መልሱን ለማግኘት ሳይንስ አላስፈለገኝም፤ ይሉኝታ ነው። የሚሞት አባቱ ሲናገር ያልሰማ ልጅ ተብዬ እንዳልታይ ፈራሁ። ያስጨነቀኝ የእሱ ድካም ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞክሬያለሁ፤ ደክሞታልና ዳግመኛ አላስለፍልፈው ብዬ ነው እል ነበር። እውነቱን ስመረምረው ግን ያዳንኩት የእሱን ትንፋሽ ሳይሆን የራሴን ፊት ነው። እንግዲህ የልቤ መሄድ አደጋ ነበር፤ «እሺ» ማለቴ ግን ሥራዬ ነው። ያልቆጠርኩትን ገንዘብ ተቀብያለሁ ብዬ ደረሰኝ ፈረምኩ።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው ተከራከረኝ። «አባትህ በዚያች ‹እሺ› ዐርፎ ሞቷል። ድገምልኝ ብትለው ኖሮ ይከፋው ነበር። ውሸትህ ምጽዋት ነበረች» አለኝ። ይህ ክርክር እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። አባቴ ሲቀልለው አይቻለሁ። ነገር ግን ያ ዕረፍት የተገዛው በሐሰተኛ ደረሰኝ መሆኑን አውቃለሁ፤ ዕዳውም ያለው እኔ ጋ ነው። ደግሞስ እንደሚከፋው በምን አወቅን? እ.ኤ.አ. በ1943 የሞተችው ፈረንሳዊቷ ፈላስፋ ሲሞን ቬይ፣ በመከራ ላይ ያለ ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ልቡን የሚሰጠው ሰው እንደሆነ፣ ልብን መስጠትም ከልግስና ሁሉ ብርቅ የሆነው ልግስና እንደሆነ ጽፋለች። «ድገምልኝ» ማለት «የምትለው ነገር እንዲያመልጠኝ አልፈልግም» ማለት ነው። ሳይሰሙ ከመነቅነቅ ይልቅ ይህ ቃል ክብር ያለበት ይመስለኛል።

እንዲያውም አባቴ ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። የሚያሳፍረኝም ይህ ነው። ልጅ ሳለሁ የኳስ ጨዋታ ወሬዬን ማን ለማን እንዳቀበለ፣ ማን እንደሳተ ሳልዘል አወራለት ነበር። እሱ ጋዜጣውን አጥፎ ይሰማኛል። ግን ሐሳብ የሚወስደው ሰው ነበር፤ እናቴ ሦስት ጊዜ ጠርታው ነው «አቤት» የሚላት። አንዳንድ ጊዜ ጎሉ ጋ ስደርስ ድንገት እጁን ከፍ አድርጎ፣ «ቆይ ቆይ፣ ልቤ ሄዶ ነበር፤ ከየት ነው የጀመርከው?» ይለኝ ነበር። ይህን ያህል ዓመት ስለ እሱ ሳስብ ይህን እንደ ጠባዩ ጉድለት ነበር የማስታውሰው። ያ የስምንት ዓመት ልጅ ግን አንድም ቀን አልተከፋም። ደስ እያለኝ ከመጀመሪያው እጀምርለት ነበር። ለአንድ ተራ የኳስ ወሬ ያላፈረውን ሰው ነው እኔ ለኑዛዜው ያፈርኩት።

ስለዚህ የጥያቄዬ መልስ፣ ቢያንስ እኔን ያሳመነኝ፣ ይህ ነው። ልብ በመሄዱ አንጠየቅም፤ ወይም እጅግ ጥቂት ነው የምንጠየቀው፤ አውቀን ከሰደድነው፣ ዘበኛውን ካሰከርነው፣ መሪ ጨብጠን የሰው ነፍስ ይዘን ሳለ ላለመሄድ የምንችለውን ካላደረግን። ከዚህ ባሻገር ግን ተጠያቂነት የሚጀምረው ልብ ከተመለሰባት ቅጽበት ነው። «ልቤ ሄዶ ነበር» የሚለው ቃል በጊዜው ከተነገረ ኑዛዜ ነው፤ ካለፈ በኋላ ከተነገረ ምክንያት ፍለጋ ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ ሰዓቱ ይለየዋል። ቋንቋችንም ሁለት አነጋገር የያዘው ለዚህ ይሆናል፤ «ልቤ ሄደ» የሚለው ላለፈው፣ «ልብ በል» የሚለው ለሚመጣው።

* * *

የአባቴን አደራ አልጣልኩትም፤ የማላውቀውን እንዴት እጥለዋለሁ? ምን ሊሆን እንደሚችል እናቴን ጠየቅኳት። እህቴን ጠየቅኳት። ሦስት ነገር ገመትን። በሰፈራችን ለአንድ ባለ ሱቅ የቀረችበት ዕዳ ነበረች፤ ከፈልኩ። ከአንድ የሥጋ ዘመዱ ጋር ለዓመታት ተኳርፎ ነበር፤ ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ፤ ሰውየው አልቅሶ ተቀበለኝ። እናቱ የተቀበረችበት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አጥሩ ፈርሶ ነበር አሉኝ፤ ያለኝን ያህል ላክሁ። ከሦስቱ አንዱ ትክክል ይሁን፣ ወይም አደራው እኔ ያልደረስኩበት አራተኛ ነገር ይሁን፣ አላውቅም። ሦስቱን ስፈጽም ግን ሳልሰማው በቆየሁባቸው ዓመታት አባቴ ምን ያስብ እንደነበር፣ ማንን ይወድ እንደነበር፣ በማን ያዝን እንደነበር ከጥቂቱ ደርሼበታለሁ።

አሁን የአምስት ዓመት ልጅ አለችኝ። ማታ ማታ የመዋዕለ ሕፃናት ወሬዋን ታወራልኛለች። ወሬዋ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም፤ ማን የማንን እርሳስ እንደወሰደ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ከዚያ ምን እንደሆነ፣ ከዚያ ደግሞ ምን እንደሆነ። ልቤ ይሄዳል፤ እንደማይሄድ ቃል አልገባሁም። ኪራዩም አለ፣ አከራዬም አለች። ሲመለስ ግን እጄን ከፍ አደርጋለሁ።

«ቆይ ቆይ፣ ልቤ ሄዶ ነበር፤ ከየት ነው የጀመርሽው?»

እንደ ትልቅ ሰው በረጅሙ ትተነፍስና ከመጀመሪያው ትጀምርልኛለች።